ሻለቃ የተባለው አውራ ዶሮ እንዳይታረድ

ለሁለቱ ግቢዎች የጋራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ቀን፦ ግንቦት 12

ጉዳዩ፦ «መሸሽ ሲገባው አልሸሸም» ተብሎ በአውራ ዶሮዬ ላይ የተሰጠው የመታረድ ውሳኔ እንዲሻርልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች የላይኛው ግቢ ነዋሪ ነኝ። ትምህርቴ ጥቂት ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ቢረዝምብዎ ይታገሡኝ።

1. ዶሮው የሟች ልጄ ነው። ሻለቃ ብሎ ስም ያወጣለት፣ ከጫጩትነቱ ጀምሮ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ያሳደገው እሱ ነው። ልጄ ታሞ ካረፈ ወዲህ በቤቴ ድምፅ የሚያሰማ ሻለቃ ብቻ ነው።

2. ባለፈው ማክሰኞ ሻለቃ ወደ ታችኛው ግቢ ገብቶ፣ ደጃፉ ላይ የቆመው ልብስ ሰፊ ላይ ዘለለበት። ልብስ ሰፊው በመለኪያ እንጨቱ መታው። ሻለቃ እንደገና ዘለለ። እሱም እንደገና መታው።

3. የላይኛው ግቢ ደንብ «የተጠቃ መሸሻ ካለው አስቀድሞ ይሽሽ» ይላል። የታችኛው ደግሞ «በደጁ ያለ ሰው አይሸሽም» ይላል። እርስዎ በሌሉበት የፈረደው ዘበኛ ልብስ ሰፊውን በታችኛው፣ ዶሮዬን በላይኛው ደንብ ዳኘ። አንዱ ባለመሸሹ ጎበዝ ተባለ፣ ሌላው ባለመሸሹ ጥፋተኛ። «እማማ፣ የግቢው በር ክፍት ነበር እኮ፤ ለምን አልወጣም?» ሲለኝ፣ «ደንቡን አንብበህለታል ወይ?» አልኩት። ቅዳሜ ይታረድ አለ። ልብስ ሰፊውም «ለካሳ ቅልጥሙ ለእኔ ይሁን» ብሏል።

4. ክቡርነትዎ ሊያውቁልኝ የሚገባው ይህ ነው። ልብስ ሰፊው የሰው ልብስ ሲያስተካክል ራሱ ለብሶ ደጃፍ ላይ በፀሐይ የማየት ልማድ አለው። የአዋላጇን ቀሚስ እንኳ ለብሶ አይተነዋል። ያን ዕለት የለበሰው የሟች ልጄን ኮት ነበር፤ ገጠር ለሚኖረው ታናሽ ወንድሙ እንዲያሳጥርልኝ የሰጠሁትን። ሻለቃ ሊዋጋ አልዘለለም፤ ትከሻው ላይ ሊወጣ ነው።

5. ስለዚህ ውሳኔው እንዲሻርልኝ፣ የቅልጥሙም ነገር እንዲቀር በትሕትና እጠይቃለሁ። ኮቱን ሳያጥር መልሼ ወስጃለሁ።

ነገሩን ለማረጋገጥ ትናንት እኔው ለብሼው ግቢው መሐል ቆምኩ። ሻለቃ ከአጥሩ ሥር እየሮጠ መጣ። ጥፍሩ ስለታም ነው። ትከሻዬ ላይ ወጥቶ ጆሮዬ ሥር ጮኸ። የግቢው በር ክፍት ነበር። እኔም አልሸሸሁም።

ቅዳሜ ሳትደርስ መልስዎን ከምትጠብቅ እናት ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የሟች እናት፣ የሻለቃ አሳዳሪ