የክፍሉ ድምፅ በቀፊራ ገበያ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ወልደጻድቅ፤ ደብረ ብርሃን።

ትናንት ቅዳሜ ኅዳር 7 ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በቀፊራ ገበያ ድምፅ ማጉያ ስሜ ተጠራ። የጠራኝ የባለቤቴ የክፍሉ ድምፅ ነው። ክፍሉ ከቤት ከተወሰደ ዛሬ ስልሳ ሁለት ቀኑ ነው።

ከሰላምታ በፊት ወሬ በማስቀደሜ አይቀየሙኝ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ጉልበትዎን የሚያምዎ በዚህ በኅዳር ብርድ አልባሰብዎትም? የእትዬ የኔነሽ ዓይንስ ከሕክምናው ወዲህ ተሻለው? እናታችን ከአልጋ ተነሥታ ቤተ ክርስቲያን መሳም ጀመረች? ልጆቹስ ትምህርት ገቡ? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እሠራለሁ። አማቴ እማማ አለምብርሃንም ደህና ናቸው። የድሬዳዋ ሙቀትም ሰሞኑን ጋብ ብሎልናል።

በነሐሴ በጻፉልኝ ደብዳቤ፣ ክፍሉ አሁንም በገበያ ይሰብካል ወይ ብለው በቀልድ ጠይቀውኝ ነበር። እስካሁን ያልመለስኩልዎ የምጽፈው ስለጠፋኝ ነው። ጎረቤታችን ኢድል በባቡሩ ላይ ስለሚሠራ ነገ ሰኞ ይወጣል፤ ከአዲስ አበባም ወደ እናንተ የሚሄድ ሰው አላጣም ብሎኛል። በፖስታ ስለማልልከው የሆነውን ሁሉ እንዳለ እጽፍልዎታለሁ።

እንደሚያውቁት ክፍሉ በጉምሩክ መሥሪያ ቤት የኢኮኖሚ ባለሙያ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ስለ ቀረጥና ስለ ዋጋ የአሥር ደቂቃ ማብራሪያ በካሴት እየቀዳ ይሰጥ ነበር፤ ቀበሌውም በገበያው ድምፅ ማጉያ ያሰማለት ነበር። ዓርብ ጠዋት ሥራ ሳይገባ ቀፊራን ይዞርና የየመደቡን ዋጋ በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ይጽፋል። ከሥራ ሲመለስ ያዘጋጀውን ለኔ ያነብልኛል፤ እኔ ሰዓት እይዝለታለሁ፣ ያልገባኝ ቦታ ላይ አስቆመዋለሁ። አንቺ ካልገባሽ ሳሕራም አይገባትም ይለኝ ነበር። ሳሕራ ሽንኩርትና በርበሬ የምትሸጥልን ደንበኛችን ናት።

መስከረም 4 ቀን ስለ አዲሱ የጨርቅ ቀረጥ ተናገረ። ቀረጡ እጥፍ ሲሆን የአገር ውስጥ ፋብሪካ ይጠቀማል መባሉ ትክክል እንዳልሆነ አስረዳ። ከጅቡቲ የሚመጣው ጨርቅ መምጣቱን አይተውም፤ ከባቡር ወርዶ በግመል ጀርባ ይገባል። መንግሥት የሚያገኘውን ቀረጥ ያጣል፣ ነጋዴውም ለአደጋው ብሎ የሚጨምረውን ገዢዋ ትከፍላለች። መጨረሻ ላይ፣ «ቀረጥ ድንበር ላይ የሚከፈል ይመስላል፤ የሚከፈለው ግን እዚህ ቀፊራ ነው» አለ። ሴቶቹ አጨበጨቡ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዎች መጥተው ለአንድ ጉዳይ ይፈለጋል አሉ። ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። ያልጠየቅሁበት ቢሮ የለም፤ ስሙ በማንም መዝገብ ላይ የለም።

ሁለት ቅዳሜ ድምፅ ማጉያው የማርሽ ሙዚቃ ብቻ አሰማ። በሦስተኛው፣ መስከረም 25 ቀን፣ ሽንኩርት ልገዛ ሳሕራ ፊት ቁጢጥ ብዬ ሳለሁ ክፍሉ በድምፅ ማጉያው መናገር ጀመረ።

ዛሬ ጠዋት ቀፊራ ነበርኩ አለ። ቀይ ሽንኩርት በኪሎ ስልሳ ሳንቲም እየተሸጠ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ዋጋ ጨመረ የሚሉት የኢኮኖሚ አሻጥረኞች ናቸው፤ የጨርቁም ቀረጥ የሰፊው ሕዝብ ጋሻ ነው አለ። ድምፁ የሱ ነው። ረጅም ቁጥር ሲያነብ መጨረሻው ላይ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግባት ልማድ እንኳ አልቀረችም። ነገር ግን ጋሼ፣ በቀፊራ ሽንኩርት የሚሸጠው በመደብ በመደብ ተቆልሎ እንጂ በኪሎ አይደለም። ሽንኩርት ከሚሸጡት ሴቶች ሚዛን ያላት አንዲትም የለች፤ ክፍሉም አንድ ቀን ኪሎ ብሎ አያውቅም። ደግሞ ከዕቃ መጋዘን አቧራ የያዘው ሳል አለበት፤ ሦስት ደቂቃ ሳይስል አንብቦ አያውቅም። ያን ቀን አሥር ደቂቃ ሙሉ አልሳለም። ከድምፁ ኋላ የወንበር ሲጢጥታ የለም፣ የወፍ ጩኸት የለም፣ የትንፋሽ ድምፅ እንኳ የለም።

ሳሕራን ዛሬ ጠዋት አይተሽዋል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አላየሁትም አለች። ቢሆንም ያን ዕለት ሽንኩርቷን ካመጣችበት ዋጋ በታች፣ እሱ ባለው ሸጠችው። ምነው ስላት፣ «አቦ ወይንሸት፣ ነበርኩ ካለ ነበረ ነው። እኔ ማነኝና አልነበርክም የምለው?» አለችኝ። በሚቀጥለው ሳምንት በቀፊራ አንድ ራስ ሽንኩርት አልተገኘም።

ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ሆነ። ጥቅምት 2 ቀን የጨው ዋጋ ጠራ፣ ጨው ጠፋ። በሳምንቱ ላምባ ጠራ፣ ላምባ ጠፋ። ከዚያ ዘይት። ምክንያቱ ተሰውሮብኝ አይደለም፤ ያስተማረኝ ክፍሉ ራሱ ነው። ከተገዛበት በታች ዋጋ የተጠራለት ዕቃ ገበያ አይወጣም። ምክንያቱን ማወቅ ግን ገበያው መሀል ለቆመ ሰው ምንም አያደርግለትም። አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ጋሪዎች ይቆማሉ፣ የሚከራከሩት ዝም ይላሉ፣ ሁሉም ድምፅ ማጉያው የተሰቀለበትን ምሰሶ ያያል። ሳሕራ በርበሬዋን ጆንያ ታለብሳለች። እንዳያይብኝ ነው ብላ ትስቃለች፤ ጆንያውን ግን ድምፁ እስኪያበቃ አታነሣውም። ጎረቤቷ ባለፈው፣ «ቲማቲሜን ከጠራብኝ የምመጣው አንቺ ዘንድ ነው፤ ባልሽ አይደል?» ብላ ለከፈችኝ። የሳቀ ሰው አልነበረም።

እማማ አለምብርሃን ልጄ ነው ብለው ቆርጠዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳውን ከድነው ያስቀምጡለታል። ድምፁ እንዲህ ጥርት የሚለው ሲጠግብ ነው፣ እያበሉት ነው ማለት ነው ይላሉ፤ ሳሉ መጥፋቱንም ሐኪም አይቶት ይሆናል ብለው ተደስተውበታል። እኔ አንዱን ቅዳሜ እሱ ነው ብዬ እመለሳለሁ፣ ሌላውን አይደለም ብዬ።

ትናንት ስለ ሩዝ ቀረጥ ተናግሮ ሲያበቃ፣ በሚመጣው ቅዳሜ በቀበሌው አዳራሽ በአካል ቀርቦ አዲሱን የቀረጥ ታሪፍ ለሕዝብ እንደሚያብራራ አስታወቀ። ቀጥሎም፣ «ባለቤቴ ወይዘሮ ወይንሸት ከፊት ትቀመጣለች» አለ። ድምፅ ማጉያው ተዘጋ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከዚያ አጠገቤ የነበሩት ሴቶች አንድ በአንድ ዘንቢላቸውን እያነሡ ራቅ ራቅ አሉ። ሳሕራም የሽንኩርት መደቧን በሁለት እጇ ወደ ራሷ ሰበሰበች። ክፉ ሰው ሆና አይደለም፤ ድምፁ የጠራው ነገር ምን እንደሚሆን ስላየች ነው።

ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ቡልቻ እቤት መጣ። ትሑት ሰው ነው፤ የጫማውን አቧራ በር ላይ አራግፎ ገባ። ሕዝቡ ድምፁ የክፍሉ አይደለም እያለ እንደሚያማ፣ ይህም ሐሜት ለአዲሱ ታሪፍ ደግ እንዳልሆነ በቀስታ አስረዳኝ። ከኔ ንግግር አይጠበቅም። ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ፤ ተናጋሪው ሲጨርስ ተነሥቼ እጁን እይዝና አብረን በመሀል መንገድ እንወጣለን። «ሕዝቡ የሚያምነው ያንቺን ፊት አይቶ ነው» አለኝ። የሚመጣው ክፍሉ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠና፣ ሳይቆጣ፣ «ሌላ ማንን ትጠብቂያለሽ?» አለ። እማማ አለምብርሃን ጉልበቱን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ደንግጦ ከለከላቸው።

ጋሼ፣ የጨነቀኝ ይህ ነው። የሚመጣው ክፍሉ ከሆነና እኔ ከቀረሁ፣ ዋጋውን የሚያስከፍሉት እሱን ነው፤ ዳግመኛም ላላየው እችላለሁ። የሚመጣው ሌላ ሰው ከሆነና እጁን ይዤ ከወጣሁ ደግሞ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ክፍሉ የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም፤ በሕዝብ ፊት ባሌ ነው ብዬ ወጥቻለሁና እኔም መጠየቅ አልችልም። ልሂድና አይቼ ልወስን እንዳልልም፣ አንዴ ከፊት ከተቀመጥኩ በኋላ አልነሣም የምልበት ቦታ አይደለም። እማማ አለምብርሃን የበዓል ቀሚሴን ትናንት ማታ አጥበው አስጥተውታል። እኔ እሄዳለሁ አላልኳቸውም፣ እሳቸውም አልጠየቁኝም።

ይህ ደብዳቤ እንደደረስዎ አንዲት ቃል በቴሌግራም ይላኩልኝ። «ነይ» ካሉኝ እናታችን ታመመች ብዬ በባቡር እወጣለሁ። «ቆዪ» ካሉኝ ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ። ሌላ ሰው ቢያነባት ምንም አትለውም። አንድም ቀን የርስዎን ምክር ሰምቼ ተጸጽቼ አላውቅም፤ በዚህኛው ከተሳሳቱም አልቀየምዎትም።

እትዬ የኔነሽን ሁለት ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ። እናታችንን ስለ ክፍሉ ምንም አይንገሯት፤ ሥራ በዝቶበት ነው ይበሏት፣ እጇንም ስለኔ ይሳሙልኝ። ሽታዬ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ፣ ትንሹ ሣህሉ ደግሞ እንዳያስቸግርዎ አክስትሽ፣ አክስትህ ብላለች ይበሉልኝ። እማማ አለምብርሃን ለሁላችሁም እንደምን ሰነበታችሁ ይላሉ፤ ልጄ ቅዳሜ ይገባል ብለሽ ጻፊላቸው ብለውኛል፣ ጽፌያለሁ።

ጓድ ቡልቻ መልሴን የሚቀበለው ሐሙስ ኅዳር 12 ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ ቃልዎ ከዚያ በፊት ይድረሰኝ።

እህትዎ ወይንሸት

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
እሑድ ኅዳር 8 ቀን 1972 ዓ.ም.