ስለ ደበዘዙት ስክሪኖችና ስለ ጋሽ አራት ነጥብ ዓይን

ለተከበሩ የማተሚያ ቤታችን የቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ዓይንዎ እንደምን አለልኝ? እኛ የአራሚዎች ክፍል ሠራተኞች፣ ራስ ምታቱንና የአንገት ሕመሙን ከቁም ነገር ካልቆጠርነው፣ በእርስዎ ደግነት አለን። ይህን ጽሑፍ በመተላለፊያው ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ለቢሮዎ ያቀረብኳቸው አቤቱታዎች ሁሉ ውሃ ስለ በላቸው እንጂ፣ ክብርዎን ለመዳፈር ከቶ እንዳልሆነ ይወቁልኝ።

፩. በቅድሚያ ከላፕቶፖቻችን ጋር የሚገናኙ ትልልቅ ስክሪኖች ስላስገጠሙልን እናመሰግናለን። ፊደሎቹ ዝናብ እንደ መታው የግድግዳ ማስታወቂያ ደብዝዘው፣ «ቡ»ን ከ«በ» ለመለየት አፍንጫችንን መስተዋቱ ላይ ልንለጥፍ ምንም አልቀረንም። ይህንኑ ስንነግርዎ «ዕቃው አዲስ ነው፤ ዓይናችሁን ተመርመሩ» ብለው መከሩን። ለጤናችን ያለዎት ስስት ያስለቅሳል።

፪. ከመካከላችን አንጋፋው አራሚ፣ አንዲት ነጥብ አታመልጣቸውምና «ጋሽ አራት ነጥብ» የምንላቸው፣ የሕፃናት ሽሮፕ መግለጫ ሲያርሙ ስሕተት አለፋቸው። «2.5 ሚሊ ሊትር» መባል የነበረበት ረቂቁ ላይ «25» ሆኖ መጥቶ ነበር፤ በዚያ ብዥታ ውስጥ ደግሞ ጉድፉ ሁሉ ነጥብ ይመስላል። የመጀመሪያው ገጽ ታትሞ ሲወጣ ወረቀቱ ላይ አይቼ እየጮኽኩ ማሽኑን ባላስቆም ኖሮ፣ አንዲት እናት አሥር እጥፍ መድኃኒት በልጇ አፍ ልታፈስ ነበር። እርስዎ ግን በሠራተኛው ስብሰባ ላይ ተነሥተው «ዕድሜ ነው፤ ዓይናቸው ደክሟል» አሉና ሰውዬውን መጋዘን አስገቧቸው፤ ካርቶን እንዲደረድሩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

፫. እኔ ባለጌዋ በምሳ ሰዓት ሴቲንጉን ከፍቼ አየሁት። የላፕቶፑ ትንሽ ምስል እንዳለ ተቀድቶ ትልቁ ስክሪን ላይ ተለጥጧል፤ የሕፃን ሸሚዝ ለጎረምሳ እንደ ማልበስ ማለት ነው። ትልቁ ስክሪን ራሱን ችሎ እንዲሠራ፣ ምስሉንም ሳይለጥጥ በራሱ ልክ እንዲያሳይ አደረግኩት፤ የፊደሉን መጠን ለዓይን እንዲመች አስተካከልኩ። በቃ። ፊደሉ ተወልውሎ ወጣ። ሻዬ እንኳ አልቀዘቀዘም።

ወዲያው ወደ መጋዘን ሮጬ ጋሽ አራት ነጥብን ጠራኋቸው። አቧራቸውን አራግፈው ተቀመጡና ከታች ያለችውን ደቃቅ መስመር ሳይደናቀፉ አነበቧት። ደግመው አነበቧት። ከዚያ ቀስ ብለው «ለካ አልታወርኩም» አሉ።

ቀን ሙሉ ብዥታ ላይ ሲያፈጡ ውለው ማታ ወረቀቱም ይጨፍርባቸው ስለ ነበር፣ የእርስዎን ቃል አምነው ኖሯል። መጻሕፍታቸውን ለጎረቤት አከፋፍለዋል። መንገድ የሚሻገሩት የባለቤታቸውን ክንድ ይዘው ነበር። ይህን ሁሉ የነገሩን ያኔ ነው።

፬. ምላሽዎ ግን እንዴት ፈጣን ነበር! ለአቤቱታችን ያልተገኘው ጊዜ ለእኔ ማስጠንቀቂያ ተገኘ፤ «ያለ ፈቃድ ሴቲንግ በመንካት» ተብዬ ተጻፈብኝ፣ ስክሪኑም በባለሙያዎችዎ ትጋት ወደ ቀድሞ ብዥታው ተመለሰ። እስካሁን በትሕትና ጻፍኩ፤ ይህን ግን በትሕትና መጻፍ አልችልም፦ ሰው አዋርደዋል፣ ልጅ ሊያስገድሉ ነበር፣ አላፈሩም።

ዛሬ ሌላ የመድኃኒት መግለጫ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ስክሪኑ እስኪጠራ ድረስ ፊርማዬን አላኖርበትም፤ የክፍላችን ሰዎችም እንደዚሁ። ደግሞም በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሠራተኛ ፊት ቆመው፣ የደከመው የጋሽ አራት ነጥብ ዓይን እንዳልነበረ እንዲናገሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ድምፅ ማጉያውን እኔው እይዝልዎታለሁ።

ለጤናችን ሲሉ ጤናችንን ላሳጡን ለእርስዎ እጅ የምትነሣ፣
ማስጠንቀቂያ የተሰጣት አራሚ

ማስታወሻ፦ ማስጠንቀቂያውን ልፈርም ቢሮዎ በገባሁ ጊዜ የእርስዎን ትልቅ ስክሪን ለማየት ታድያለሁ። ከበሩ ላይ ሆኜ ሲጫወቱት የነበረውን የካርታ ጨዋታ ቁጥሮች አንድ በአንድ አነበብኳቸው። እንዴት ያለ ጥራት ነው! ባለ ልብ ምልክቷን ሰባት ቁጥር ካርታ ግን የጣሏት በከንቱ ነው።