ለሾፌሩ መልካም ተመኚ ስላልሽኝ

ልጄ አማል፣ አላህ ካለሽበት ይጠብቅሽ፤ የያዝሽውን ሁሉ በረካ ያድርግልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የሚያፈሰውን ጣሪያ ጎረቤታችን ጀይላን ጠገነልኝ።

ወንድምሽ አናስ ኤረር በር ላይ በባጃጅ ተገጭቶ ከሞተ ገና ሦስት ወሩ ነው። አንቺ ግን «በየቀኑ ዝም ብሎ ተቀምጦ ለበደለን ሰው መልካም መመኘት አንጎልን ወደ ርኅራኄ ይለውጣል፤ ለሾፌሩ ሞክሪው» አልሽኝ። የታመመው አንጎሌ ነው እንዴ? አርባ ዓመት አላህን ላወሳ ለዚክር ስቀመጥ የትኛው ሐኪም አንጎሌን አየው?

እልህ ይዞኝ ሞከርኩት። ከሱብሒ ሶላት በኋላ መቁጠሪያዬን ተስቢሄን ይዤ ተቀመጥኩ። የሾፌሩን ስም ግን መጥራት አቃተኝ።

ባለፈው ሳምንት የሴቶች ዕድራችን አፎቻው ሲሰበሰብ፣ የሾፌሩ እናት ፈቲያ ለቅሶዬን ስላልደረሰች ከማኅበሩ ትሰረዝ አሉ።

«እፍረት ይዟት ነው! የገጨው ልጇ እንጂ እሷ ናት? ነገ ስትሞት ማን ሊገንዛት ነው?» ብዬ ጮህኩባቸው።

ከሴቶቹ አንዷ ዘምዘም «ላንቺ ብለን እኮ ነው» አለችኝ።

«ለኔ ካላችሁ ሄዳችሁ አምጧት!» አልኳት።

ይህን የአንጎል ሥራ ነው እንዳትዪኝ፤ ዛሬም ተናድጃለሁ። ለሾፌሩ መልካም መመኘት ግን እስካሁን አልቻልኩም። አላህ ልብሽን ያስፋልሽ፣ ዕድሜ ይስጥሽ። እስክችል ድረስ አንቺ ተቀምጠሽ መልካም ተመኚለት፤ እኔን ግን አታጣድፊኝ።

እናትሽ ዐዚዛ