ያልተጸለየለት ትከሻ

ዲላ፣ ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ነገ ለቀዶ ጥገና አዲስ አበባ እሄዳለሁ። የተበላውን የቀኝ ትከሻዬን መገጣጠሚያ አውጥተው በብረት ሊተኩልኝ ነው። ሐኪሙ ከቀዶ ጥገናው በፊት አንቲባዮቲክ በደም ሥሬ እንደሚሰጡኝ ነግሮኛል። ቆዳ ውስጥ የተደበቀ ጀርም ብረቱ ላይ ከሰፈረ ግን መድኃኒቱም በቀላሉ አያስለቅቀውም አለኝ። ስለዚህ ሰሞኑን በሰጠኝ የመድኃኒት ሳሙና ትከሻዬን ሳጥብ ሰነበትኩ፤ ሚስቴን እንኳ አላስነካሁም።

ዛሬ አመሻሽ ላይ ታዲያ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ በየነ ሊጸልዩልኝ መጡ። ቡና ሲለቅሙ ውለው በቀጥታ ወደ እኔ ነው የመጡት፤ ጣቶቻቸው ገና ይጣበቃሉ። እጃቸውን ሊጭኑብኝ ሲዘረጉ ከወንበሬ ብድግ አልኩ።

«ጋሽ በየነ፣ ሐኪሙ አይነካ ብሏል።»

«የጸሎት እጅ ደግሞ ምን ጀርም አለው?»

«የጸሎቱማ የለውም። የቡናው ነው እንጂ።»

ቅር እንዳላቸው ፊታቸው ላይ ሳይ ጨነቀኝና ግራ ትከሻዬን ሰጠኋቸው። ሚስቴ ሳቋን አፍና ወደ ጓዳ ገባች። እሳቸው ግን አጥብቀው ይዘው፣ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ትከሻ አድስ» እያሉ ረጅም ጸሎት ጸለዩ። እኔም አሜን አልኩ።

ሲሄዱ በሩን ዘግቼ ብቻዬን ተንበረከክሁ። ጌታ ሆይ፣ የታመመው ቀኙ ነው።