መስመሩ የተቋረጠበት ሰከንድ ይነገረኝ

ለተከበሩ የኢንተርኔት ስልክ አገልግሎት ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በሥርዎ ላሉት ሠራተኞች በሙሉ ጤና እመኛለሁ። በተለይ የጆሮ ጤና እመኝልዎታለሁ፤ ባለፉት አምስት ወራት ሦስት ደብዳቤ ልኬ ለእያንዳንዱ "ጉዳይዎ ተመዝግቧል" የሚል ቁጥር ብቻ ስለደረሰኝ፣ በዚያ በኩል አንድ ነገር ሳይታመም አልቀረም ብዬ ሰግቻለሁ። ሦስቱንም ቁጥሮች በልብስ መስፊያ መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ በክብር አስቀምጫቸዋለሁ። ይህን አራተኛውን በጋዜጣ የማወጣው ስምዎን ለማጥፋት አይደለም፤ ምናልባት ደብዳቤ ባያነቡም ጋዜጣ ያነቡ ይሆናል በሚል ተስፋ ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል በመሆኑ የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው። ይህን ደብዳቤ ለመጨረስ አራት ቀን ፈጅቶብኛልና እርስዎም አራት ደቂቃ ቢሰጡኝ ውለታዎን አልረሳም።

በቅድሚያ እንዴት ደንበኛዎ እንደሆንኩ ልናገር። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ልጄ ሥራ አግኝታ አሥራ አንድ ሰዓት በአውቶብስ ወደሚያስኬድ ከተማ ሄደች። እኛም በኢንተርኔት የሚሠራ የቤት ስልክ ለማስገባት ወሰንን። ሁለት ድርጅቶች ነበሩ፤ አንዱ ውድ፣ አንዱ የእርስዎ። ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ በእህል መጋዘን ሚዛን ላይ የሠራ ሰው ስለሆነ ሳይመዝን የሚገዛው ነገር የለም። ወረቀት አምጥቶ በመሐል መስመር አሰመረና በአንድ በኩል "ዋጋ"፣ በሌላው በኩል "ጥራት" ብሎ ጻፈ። የዋጋው በኩል ወዲያው በቁጥር ተሞላ። በጥራቱ በኩል ግን ምን እንደሚጻፍ ሁለታችንም ስላላወቅን፣ ብዙ አስበን ለሁለቱም "ይሰማል" ብለን ጻፍን። ወረቀቱ እንደዚያ ሆኖ ሲታይ አሸናፊው እርስዎ ነበሩ።

ልጄ ለጉዞ ሻንጣዋን እያሰረች ወረቀቱን አየችና ሳቀች። "እማ፣ አንቺ እኮ ጨርቅ ስትገዢ በእጅሽ ጨምድደሽ አይተሽ ነው፤ ይሄን ሳትጨመድጂው ልትገዢ ነው እንዴ?" አለችኝ። እኔም "ድምፅ አይጨማደድም" አልኳት። ከእርስዎ ድርጅት ወደ እርስዎ ድርጅት ሲደወል ነፃ ስለሆነ እሷንም በሞባይሏ እንድትመዘገብ አደረግኋት። አልፈለገችም ነበር፤ ለእኔ ብላ ገባች። ድምፅ እንደሚጨማደድ አሁን አውቄአለሁ። ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ ድርጅትዎ ቁጥር እንደሚወድ ስላየሁ ነው።

፩ኛ. በስልክዎ አንዱ የተናገረው ለሌላው የሚደርሰው ከአራት ሰከንድ በኋላ ነበር። ልጄን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጥድፌ እያልን የምንጠራት አፏ ከሐሳቧ ስለሚቀድም ነው። እኔ ደግሞ ቀስ ብዬ የምናገር ነኝ። እኔ መልስ ስጀምር እሷ "ተናገሪ እንጂ እማ!" ስትል፣ የሁለታችን ድምፅ መንገድ ላይ ይጋጭና ሁለቱም ይጠፋል። በዚህ ሁኔታ አንድ ወር ሙሉ ስንጨቃጨቅ ከቆየን በኋላ ጥድፌ ሕግ አወጣች። የሚናገር ሰው ሲያበቃ "ጨረስኩ" ይበል፤ ሌላው ያንን ቃል እስኪሰማ ድረስ ዝምታው የፈለገውን ያህል ቢረዝም አይናገር፣ ስልኩንም አይዝጋ። ሕጉ ሠራ። እንዲያውም ቤታችን ድረስ ገባ፤ ባለቤቴ ራት ላይ "ሾርባው ጨው በዝቶበታል፤ ጨረስኩ" ይለኝ ጀመር። በሠላሳ ሁለት ዓመት ትዳር ሳይቋረጥ ንግግሬን እንድጨርስ የተደረገልኝ በእርስዎ ምክንያት ነውና ለዚህም ከልብ አመሰግናለሁ።

፪ኛ. በስልኩ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት። ስለ እሷ ለመናገር የዚያን ሐሙስ ነገር ማንሳት አለብኝ።

ልጄ ታማ ሆስፒታል የተኛችው በድንገት ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ደወለችልኝ። እንደ ወትሮዋ አልተጣደፈችም። "እማ፣ ቀዶ ጥገናው ነገ ነው አሉኝ። ፈርቻለሁ። ትመጫለሽ? ጨረስኩ" አለችኝ።

እኔም መለስኩላት። የተናገርኩትን አንድ ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልዎታለሁ። "ልጄ፣ ምግብ በልተሻል? ብርድ ልብሱ ይበቃሻል? ካልበቃሽ ነርሷን ሌላ እንድትጨምርልሽ ጠይቂያት፤ አትፈሪ፣ ሥራዋ ነው። አባትሽ ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሻል። ዛሬ ማታ እሳፈራለሁ፤ ጠዋት አልጋሽ አጠገብ ነኝ። ጨረስኩ።"

ከዚያ ዝም አለ። አረንጓዴዋ መብራት በርታለች፤ ደቂቃውም ይቆጥራል። እያለቀሰች ይሆናል፣ ታልቅስ ብዬ ጠበቅኋት። ሕጋችን ስለሆነ አልተናገርኩም፣ አልዘጋሁምም። እንዲህ ሆኜ አሥራ አንድ ደቂቃ ቆምኩ። ጭንቀቱ ሲበረታብኝ ሕጉን ጥሼ ዘጋሁና መልሼ ደወልኩ፤ "የደወሉላቸው ደንበኛ ለጊዜው ሊገኙ አይችሉም" አለችኝ ያቺ ጨዋ ድምፅ። ደጋግሜ ደወልኩ፣ እሷም ደጋግማ በትዕግሥት መለሰችልኝ። ልብሴን በፌስታል ጠቅልዬ ወደ አውቶብስ መናኸሪያ ሄድኩ። ከቤት ከመውጣቴ በፊት ድርጅትዎ በዚያው ስልክ ላይ "የጥሪዎ ጥራት እንዴት ነበር? ኮከብ ይስጡን" የሚል መልእክት ላከልኝ።

ጠዋት ስደርስ አልጋው ባዶ ነበር። ሕመሙ ስለከበደባት ሳይነጋ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል አስገብተዋታል። ከዚያ ክፍል ልጄ አልወጣችም።

ነርሷ ደግ ሴት ናት። ከቀብሩ በፊት አጠገቤ ተቀምጣ የሐሙሱን ነገረችኝ። ሙቀቷን ልትለካ ስትገባ ጥድፌ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ዝም ብላለች። ነርሷም "ምነው፣ ማን ነው?" ብላ ጠየቀቻት። ልጄም በእጇ ቆይ ብላ "እማ ናት፤ ገና አልጨረሰችም" አለቻት። ከዚያ የስልኩ ባትሪ አልቆ እስኪጠፋ ድረስ እንደዚያው ነበረች።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ እዚህ ላይ እባክዎን ቀስ ብለው ያንብቡልኝ። ልጄ "ጨረስኩ" የሚለውን አልሰማችም ማለት ነው። እኔም ስጠብቃት፣ እሷም ስትጠብቀኝ፣ መብራትዎ በሁለታችን መሐል በርታ ደቂቃ ስትቆጥር ነበር። እኔ የማላውቀው ከዚያ በፊት ካልኩት የደረሳት የቱ እንደሆነ ነው። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ የምናገር ሰው ነኝ። ትመጫለሽ ብላ ለጠየቀችኝ ልጅ ስለ ብርድ ልብስ ነው የጀመርኩላት።

፫ኛ. ሰፈራችን ውስጥ ሬዲዮና ስልክ የሚጠግን፣ ሽቦ የምንለው ጎረቤት አለን። ነገሩን ሲሰማ፣ "እትዬ፣ ያቺ መብራት እኮ መሣሪያው ኮረንቲ እንዳለው ነው የምትናገረው፤ ድምፅ ይሂድ አይሂድ እሷ ምን አገባት?" አለኝ። ቀጥሎም የድርጅትዎ ማሽን የእያንዳንዱ ሰው ድምፅ እስከ ስንተኛው ሰከንድ ድረስ ወደ ሌላው እንደደረሰ እንደሚመዘግብ ነገረኝ። ምን እንደተባለ አይመዘግብም፤ መድረሱን ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ ነው ወደ ቢሮዎ የመጣሁት።

የመስኮቷ ልጅ መልከ መልካም ናት፤ ስትናገርም "እናቴ" እያለች ነው። የሐሙሱ ጥሪ አሥራ ሁለት ደቂቃ ከዘጠኝ ሰከንድ እንደነበርና ጥራቱም "እጅግ በጣም ጥሩ" ተብሎ እንደተመዘገበ ነገረችኝ። ዝርዝሩ የሚሰጠው ግን ለአልማዝ ጥቅል ደንበኞች ነው አለችኝ። ገዛሁት። ከገዛሁት በኋላ አልማዙ ያለፈውን ጥሪ እንደማይሸፍን ተነገረኝ። አሁን ስልኬ ኩልል ብሎ ይሰማል ይባላል፤ የምደውልለት ሰው ስለሌለኝ ግን አላረጋገጥኩም።

፬ኛ. በሚቀጥለው ስመጣ፣ ዝርዝሩ የሁለት ሰዎች ጉዳይ በመሆኑ ሌላዋ ተነጋጋሪ መታወቂያ ይዛ በአካል ትቅረብ ተባለ። ሞታለች አልኩ። ልጅቷም ደንገጥ ብላ ኮምፒውተሯን አየችና "እንግዲያው ወኪል ይላኩ፣ እናቴ" አለችኝ። አልተቀየምኳትም፤ የተጻፈላትን ነው ያነበበችው። ወኪል የሚላክበት መንገድ ካለ ድርጅትዎ ያሳውቀኝ፤ እዚያ ድረስ የሚሠራ መስመር ከዘረጋችሁ ያለፈውን ሁሉ ይቅር እላለሁ።

አምስተኛም ነበረኝ፣ ደከመኝ።

አንባቢዎችም እያያችሁት ስለሆነ ለእናንተ አንድ ነገር ልበል። ስልክ ስትመርጡ ከዋጋው አጠገብ "ይሰማል" ብላችሁ አትለፉ። ሁሉም ይሰማል። ሲቋረጥ ተቋርጫለሁ ይላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። መቋረጡን የሚናገር መስመር ቢወደድም ውድ አይደለም። ወረቀቱን እኔና ባለቤቴ ነን የመዘንነው፤ ጥፋታችንን ለድርጅቱ አናሸክምም። እሱ ከዚያ ወዲህ ሚዛን የሚባል ነገር በቤት ውስጥ ሲነሳ ተነስቶ ይወጣል።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ የምጠይቀው ካሣ አይደለም፣ ይቅርታም አይደለም። በባለቤቴ የእጅ ሰዓት፣ ያንን ንግግሬን በዚያው አነጋገሬ እየደጋገምኩ ለካሁት። ምግብ በልተሻል ብዬ ከጀመርኩበት አንሥቶ "እሳፈራለሁ" የሚለው ቃል ከአፌ የሚወጣው በአሥራ ዘጠነኛው ሰከንድ ላይ ነው። ንግግሬን ከጀመርኩበት ቆጥረው ድምፄ ልጄ ጋ መድረስ ያቆመበትን የሰከንድ ቁጥር ብቻ ይጻፉልኝ። ከአሥራ ዘጠኝ ከበለጠ ልጄ እንደምመጣ አውቃ ነው የሄደችው። ካነሰም ይጻፉልኝ፤ በውሸት ከመጽናናት እሱ ይሻለኛል። መዝገቡ በስድስት ወሩ እንደሚጠፋ ስለተነገረኝ ከዛሬ ጀምሮ የቀሩን ሃያ ሁለት ቀናት ናቸው። እንዲህ ያለ ትንሽ ቁጥር ለመጻፍ ይበቃሉ ብዬ አምናለሁ።

ለሁለት ዓመት አገልግሎትዎ፣ ለሦስቱ የመዝገብ ቁጥሮች፣ ለአልማዙም ጭምር ያለኝን ምስጋና በትሕትና እያቀረብኩ፣ መልስዎን እስካገኝ ድረስ ሕጉን አክብሬ ስልኩ አጠገብ በዝምታ የምቆይ፣

የጥድፌ እናት፣ ልብስ ሰፊዋ።

ጨረስኩ።

ማስታወሻ፦ ቁጥሩን በደብዳቤ ከመጻፍ በቃል ሊነግሩኝ ከወደዱ በደስታ እቀበላለሁ። ብቻ እባክዎን በሌላው ድርጅት ስልክ ይደውሉልኝ፤ እስከ መጨረሻው መስማት እፈልጋለሁ።