ለታናሹ የተቀመጠ ልብስ

አቃቂ፣ እሑድ ጥቅምት 12 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለማከብርዎት፣ እንደ ወለደችኝ እናት ለማይዎት አማቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የጉልበትዎን ነገር እጠይቃለሁ። የድሬዳዋ ሙቀት ረዳው ወይስ ባሰበት? ባለፈው ሲጽፉልን ከቤት እስከ ጣቢያው መራመድ ከብዶኛል ብለው ስለ ነበር አሳስቦኛል። ፈጣሪ ያበርታዎት። እኛ ደህና ነን። አሻግሬ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ የባቡር ጡሩምባ በሰማ ቁጥር ከእጃችን አምልጦ ስለሚሮጥ እናቱ በመቀነት አስረዋለሁ እያለች ትዝታለች። ልጅዎ ወርቅውሃም ደህና ናት።

ደህና ናት ብዬ ጻፍሁ እንጂ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ እሷ ነው። በፖስታ ቤት አልልከውም። ባቡሩ ላይ የሚሠራው ጓደኛዬ አምባው በእጅዎ ያደርስልኛል። እርስዎ ከአባትዎ ፊደል ባይማሩና ሰው የሚያነብልዎ ቢሆን ኖሮ ይህን ነገር ለወረቀትም አልናገረውም ነበር። እባክዎ ብቻዎን ሆነው ያንብቡት።

አሻግሬ ሲወለድ እርስዎ ታመው መምጣት አልቻሉም። እኔም ምጡ ስለ ጠና ከተማ ሆስፒታል አስገባኋት፣ ሆዷን ከፍተው ልጁን አወጡልን፣ ሁለቱም ደህና ናቸው ብዬ ላክሁብዎ። ቀሪውን ግን አልላክሁም። ደሟ አልቆም አለ። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነበር፤ አስታማሚዋ እያስተረጎመች ማሕፀኗ ካልወጣ እናቲቱ አትተርፍም አለችኝና ወረቀት አቀረበችልኝ። ፈረምሁ። በዚህ አልጸጸትም፤ ዛሬም ቢያቀርቡልኝ እፈርማለሁ። ልጅዎ በሕይወት አለችልዎ።

የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ስትነቃ ድምፅዋ በቅጡ አይሰማም ነበርና ጆሮዬን አስጠጋሁ። “ልብሶቹን አደራ፤ ሲጠብቡት ለታናሹ እናስቀምጣቸዋለን” አለችኝ። እሺ አልኋት። እንደዚያ ገርጥታ ተኝታ እያየኋት ሌላ ምን ልበል? ትንሽ ትጠንክርና እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ጠነከረች። ክርስትናው ይለፍ አልሁ፤ ክርስትናውም አለፈ። ከዚያ ሐዲድ የሚጠግነው ቡድናችን ወደ አዋሽ በኩል ተላከና ቅዳሜ ገብቼ እሑድ ማታ የምወጣ እንግዳ ሆንሁ። በዚያች በአንዲት ቀን ደግሞ እንዴት አድርጌ ላስለቅሳት? እንዲህ እያልሁ እዚህ ደረስሁ።

ዝምታዬ ሳያንስ የልብሶቹን ማስቀመጫ ሳጥን የሠራሁላት እኔው ነኝ። የተራረፈ ጣውላ ለምኜ፣ ማጠፊያና መቆለፊያ ገጥሜ፣ ሰማያዊ ቀለም ቀብቼ። ምነው እጄን በቆረጠው። አንድ ልብስ በጠበበው ቁጥር ታጥበዋለች፣ ትተኩሰዋለች፣ ብል እንዳይበላው በባሕር ዛፍ ቅጠል መካከል ታስቀምጠዋለች። እርስዎ የሠሩለት ቀይ ሹራብ አለ፤ የክርስትናው ነጭ ቀሚስ፣ ጆሮ የሚሸፍነው ኮፍያ፣ ማቀፊያው ሁሉ አለ። ክረምቱ በወጣ ቁጥር አውጥታ ፀሐይ ታስመታዋለች። ገመዱን የምዘረጋላት እኔ ነኝ። አላፊ አግዳሚው ሌላ ተረገዘ እንዴ እያለ ይቀልድብናል፤ እሷ እግዚአብሔር ሲፈቅድ ትላለች፤ እኔ ከሁሉም ጮክ ብዬ አሜን እላለሁ። ሰው በገዛ ቤቱ ውሸት ሲለምድ እንዲህ ነው፣ እናቴ።

አሁን ግን መሸሸጊያ አጣሁ። ጎረቤታችንን ዳሲቱን፣ የጀቤሳን ሚስት፣ ያውቋታል። ወርቅውሃ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች አሻግሬን ከራሷ ልጅ ጋር ጡት እያካፈለች ያቆየችልን እሷ ናት። ሰሞኑን ሴት ልጅ ወልዳለች። የበፊት ልጆቿን ልብስ ዘንድሮ ወንዙ ሞልቶ ቤታቸው የገባ ጊዜ ወሰደባት። በሠፈራችን ደግሞ ለአራስ ልጅ የሚፈለገው በደህና ያደገ ልጅ የለበሰው ልብስ ነው፤ ዕድሜ አብሮ ይተላለፋል ይላሉ። አሻግሬም እንደሚያውቁት ሳል እንኳ ሳይነካው ነው ያደገው።

ትናንት ጀቤሳ ቤታችን መጣ። ብርዱ ሕፃኗን እያስቸገራት ነው፣ ልብሱን ብታውሱን፣ ሲጠብባት አጥበን እንመልሳለን አለ። ወርቅውሃ ምን እንደምትል ስጠባበቅ እሷ ወደ እኔ ዞረች።

“ሳጥኑ የሱ ነው። ሌላ ልጅ የሚጠብቀው እሱ ነው፤ እሱን ጠይቀው” አለችው።

እኔ ምን አልሁ? እስቲ እንመካከርበት አልሁ። ልጄን በጡቷ ላቆየችልኝ ሴት፣ እንመካከርበት! ጀቤሳ ጨዋ ነው፣ ምንም አይደለም ብሎ ወጣ። ሕፃኗ ግን በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልላ ነው ያደረችው። እኔ ልብሱ ከቤት ከወጣ የወርቅውሃ ተስፋ አብሮ የሚወጣ መስሎኝ ነው የሳሳሁት። እሷ ደግሞ ከዚያ ወዲህ በቅጡ አላናገረችኝም።

ስለዚህ ጻፍሁልዎ። እባክዎ ጉልበትዎ ከቻለ በሚመጣው ባቡር ይምጡና እርስዎ ይንገሯት። እናት ስትናገር ይቀልላል። እኔን ትቆጣ፣ ትራገም፣ የሚገባኝ ነው፤ ብቻ በእርስዎ እቅፍ ሆና ትስማው። በእሷ ላይ ሌላ ሴት እንደማላይ፣ አሻግሬም እንደሚበቃኝ ይጨምሩልኝ።

ሲነግሯት ግን ይጠንቀቁ፣ ተስፋዋ ቀላል አይደለም። እንዴት እንደምትጸልይ ላጫውትዎ። ድሮ፣ አሻግሬን ሳትፀንስ፣ እንደ ማንኛዋም ሴት በየወሩ ቤተ ክርስቲያን በማትገባበት ሰሞን ከቅጥሩ ውጭ ዛፍ ሥር ቆማ ታስቀድስ ነበር። ጸበል እያመጣሁ የማጠጣት እኔ ነበርሁ። ከክርስትናው ወዲህ ግን አንድም እሑድ ውጭ ቆማ አይቻት አላውቅም። ሁልጊዜ ከውስጥ ናት፣ በሴቶች በኩል ከፊት። ዛሬም እንደዚያው። ልጅ ስጠኝ ብላ ብትለምን ነው እንጂ ይህን ያህል ትጋት

እዚህ ላይ ብዕሬ ቆመ። የጻፍሁትን መልሼ አነበብሁት፣ ደግሜም አነበብሁት።

እናቴ፣ እርስዎ ሴት ነዎት፤ ከኔ ቀድሞ ገብቶዎታል። እኔ ደንቆሮው ቅዳሜ ገብቼ እሑድ ስወጣ፣ ትጋት ነው እያልሁ ሳደንቃት ኖርሁ። ትናንት ለጀቤሳ የመለሰችለትም ገና አሁን ተሰማኝ። ያስቆጣት ልብሱ ሊሰጥ መሆኑ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እሷ አውቃ ኖሯል፣ ሳጥኑንም የምትጠብቀው ለኔ ተስፋ ብላ ነው።

እንግዲህ ይንገሯት ያልሁትን ይተዉት። መምጣቱን ይምጡ፣ የልጅ ልጅዎ ይናፍቅዎታል፤ ለመንገር ግን አይምጡ። ንግግሩ የኔ ዕዳ ነው።

አሁን ጓሮ ሆና ዕቃ ስታጥብ ይሰማኛል። ይህን እንዳሸግሁ ሄጄ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ሁሉንም ለዳሲቱ ልጅ እንስጣት፣ አንድም አይቅር እላታለሁ። ካልተከራከረችኝ፣ እስከ ዛሬ ከኔ ተደብቃ ብቻዋን ስታለቅስ እንደ ኖረች አውቃለሁ።

እግዚአብሔር ዕድሜ ከጤና ያድልዎ፣ ጉልበትዎንም ይጠግንልዎ። በጸሎትዎ ሲያስቡን እሷን ከኔ ያስቀድሙልኝ።

ልጅዎን አምነው የሰጡኝ፣
አማችዎ