ሰባተኛው ጉድጓድ አጠገብ

ይድረስ ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እትዬ ሩዪን፣ ጃፓን ላለሽው።

እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ያ የእጅ አንጓሽ ተሻለው? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እኛ አባዬ ከጎደለ ወዲህ እንደምታውቂው ነን። አያታችን ዛሬም የእሱን ሳህን ሩዝ ሞልተው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡለታል። ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፤ ጆሮዬ ውስጥ የሚገባ ነገር ግን የለም።

በመስከረም የጎልፍ ክለቡ በሚያዘጋጀው ውድድር ላይ አልጫወትም፣ አባቴን መቃብር የከለከለ ሜዳ አልረግጥም ብለሽ መጻፍሽን አንብቤያለሁ። እባክሽ ሳትወስኚ ይህን ስሚኝ።

አስከሬኑ ከተቃጠለ በኋላ አጎታችን ፉሼንግና እኔ የአባዬን አመድ፣ አሁን የጎልፍ ሜዳቸው በሆነው ኮረብታችን ላይ ከእማዬ ጎን እንድናሳርፍ የክለቡን ሥራ አስኪያጅ ኳንግን ለመንነው። ሎሚ እየላጠ፣ ቀና ብሎም ሳያየን፣ ‹‹የድሮዎቹ መቃብሮች ይኑሩ ተባለ እንጂ አዲስ ይጨመር ማን አለ? ደንበኞቼ ኳስ ሊመቱ ነው የሚመጡት፣ ሊያለቅሱ አይደለም›› አለን። ስንወጣ በሩ ላይ የተሰቀለውን ትልቅ ፎቶሽን አየሁት። ከሥሩ ‹‹የሜዳችን ልጅ›› ይላል። የእነሱ ልጅ!

አባዬ ሣሩን አጭዶ ሲጨርስ፣ በመጋዝ ባሳጠረልሽ የጎልፍ ዱላ ጀንበር ስትጠልቅ ኳስ ያስመታሽ እንደነበር ኳንግ የረሳው ይመስላል። እኔ ያኔ ጨቅላ ነበርኩ፤ አያታችን እየተናደዱ ሲያወሩ ነው የሰማሁት። ኳንግ አይቷችሁ ‹‹የሣር አጫጅ ልጅ ጎልፍ ካማራት ሣሩን ትጋጥ!›› ብሎ ሠራተኛውን ሁሉ አሳቀ አሉ። አባዬን በሰው ፊት ሦስት ጊዜ ጎንበስ አድርጎ ይቅርታ አስጠየቀው፤ አንቺ ሱሪውን ይዘሽ ቆመሽ። አባዬ ይህን አንድም ቀን አንስቶት አያውቅም። ፕሮፌሽናል ሆነሽ ጓንግዡ ላይ የመጀመሪያውን ዋንጫ ስታነሺ እንኳ ቴሌቪዥኑን እያየ ‹‹ዱላውን አጥብቃዋለች፣ ላላ ታድርገው›› ብቻ አለ። ከዚያ ወጥቶ ጓሮ ሲያለቅስ አየሁት።

እንግዲህ ባለፈው አርብ በየዓመቱ የሙታኖቻችንን መቃብር የምናጸዳበት የመቃብር ጠረጋ ቀን ነበር። መንደራችን ኮረብታውን ሲለቅ በተስማማው መሠረት፣ በዚያ ቀን በሩ ለእኛ ይከፈታል፤ መቆፈሪያ የያዘውንም ማንም ምን ልታደርግ ነው አይለውም። አጎታችን የአመዱን ማሰሮ ቅርጫቱ ሥር አስቀመጠ። እኔ ከላዩ ለሙታን የሚቃጠለውን የወረቀት ገንዘብና የተጠበሰውን አሳማ ደረደርኩበት። ዘበኛው ሽማግሌ ሊያኦ ‹‹ዘንድሮ ደግሞ ምነው ከበዳችሁ፣ አሳማውን ከነነፍሱ ነው እንዴ ያመጣችሁት?›› አለ። አጎታችንም ‹‹አንተ እንዳትሰርቀን ከሥር ድንጋይ አድርገንበት ነው!›› አለው። ተሳሳቁ። እኔ ግን ቅርጫቱን አንስቼ ቀደምኳቸው።

የጎልፍ ኳሱ የሚገባበት ሰባተኛው ጉድጓድ አጠገብ፣ ከእማዬ በስተቀኝ ቆፍረን አሳረፍነው። ሣሩን አባዬ እንዳስተማረኝ ከነሥሩ ቆርጬ አንስቼ ስለነበር መልሼ አለበስኩት። ስፌቱ አይታይም።

እጃችንን ሳንታጠብ ኳንግ ፎቶ አንሺ አስከትሎ መጣ። ለውድድሩ ማስታወቂያ ‹‹የሻምፒዮናችንን እናት እናክብር›› አለ። የሚጨስ የዕጣን እንጨት ከእጄ ተቀበለና ቦታ መረጠ፤ ፀሐዩ እንዳይወጋው ወደ ቀኝ ፈቀቅ አለ። ከዚያ አባዬ ፊት ለፊት ቆሞ ሦስት ጊዜ ወገቡ እስኪታጠፍ ጎንበስ አለ። ፎቶ አንሺው ‹‹አንዴ ዝቅ ይበሉልኝ ጌታዬ›› ሲለው ደግሞ የበለጠ ዝቅ አለ! አጎታችን ከንፈሩን ነክሶ ወደ ኩሬው ዞረ። እኔ ግን ዓይኔን አልነቀልኩም።

ፎቶው አሁን በሩ ላይ ከአንቺ ጎን ተሰቅሏል። ስለዚህ ነይ እትዬ። ነይና አሸንፊው። ድምፅ ማጉያውን ሲሰጡሽ አባታችን የት እንደተኛ፣ ኳንግም ለማን እንደሰገደ ንገሪያቸው። ያ ሁሉ ሰው እያየው መቃብር ይቆፍር እንደሆነ እናያለን። ተወው፣ ይቅር በለው እንዳትዪኝ። እንቅልፍ የወሰደኝ ከአርብ ወዲህ ነው።

አያታችን ጉንጭሽን ይስማሉ፤ ይህን ሁሉ ስነግራቸው አልቅሰው ስቀው፣ ‹‹የቀረውን አሳማ አስቀምጠንላታል በላት›› ብለዋል። አጎታችን እጅ ይነሣል። ሊያኦም ምንም ሳያውቅ ሰላም በልልኝ ብሏል። አባዬና እማዬ ጎን ለጎን ሆነው ይጠብቁሻል። ሰባተኛው ላይ ስትደርሺ ዱላውን ላላ አድርገሽ ያዢ።

ታናሽ ወንድምሽ ዴሹን
ቺንግዩዋን፣ ጓንግዶንግ
ኤፕሪል 9 ቀን 2019